እናቴ ጭን ላይ የበለዘው ቦታ ቀለሙን ለወጠ፤ ያሰጋል?

ጠያቂ (ጅማ፣ ሄርማታ)፦
ጤና ይስጥልኝ። የ67 ዓመት እናቴ ባለፈው ቅዳሜ ከባጃጅ ሲወርዱ ጭናቸው በብረቱ ተመትቶ በልዟል። ዛሬ ቦታው ወደ አረንጓዴ ስለተለወጠ ጎረቤቶች «ደሙ ተበላሽቷል፤ በቅቤ ይታሽ» እያሉ አስጨንቀውናል። ማሸቱ ይጠቅማል?

መልስ 1 (ነርስ፣ ጅማ)፦
የቀለሙ መለወጥ የመዳን እንጂ የመበላሸት ምልክት አይደለም። ምቱ የጎዳቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች ከቆዳ በታች ያፈሰሱት ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን (ደምን ቀይ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) ሲፈራርስ ቦታው ወደ አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ወደ ቢጫ ያደላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ገደማ ይጠፋል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ቀለሙ በግልጽ ላይታይ ስለሚችል እብጠቱንና ሕመሙን መከታተል ይሻላል። ማሸት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት፣ መድማቱን ሊያባብስ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ የሚረዳው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ (ከሌለም በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ) ለ15 ደቂቃ ያህል እያሳረፉ መያዝና እግርን ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። አሁን ግን ለብ ያለ ጨርቅ ይበቃል። ቅቤው ለወጥ ይቆይ።

መልስ 2 (ፋርማሲስት)፦
እናትዎ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን ይወስዳሉ? እነዚህ የደምን መርጋት ስለሚቀንሱ ቀላል ምት እንኳ ሰፊ ቦታ ያበልዛል፤ ሆኖም ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ለሕመሙ ከአይቡፕሮፌን ይልቅ ፓራሲታሞል ይመረጣል።

ጠያቂ፦
ለልብ ሕመማቸው አስፒሪን ይወስዳሉ። እብጠቱ ግን ቀንሷል።

መልስ 1፦
እንግዲያው ይጠብቁ። እብጠቱ ተመልሶ ከጨመረ፣ እግራቸውን መርገጥ ካቃታቸው፣ ወይም ያልተመታ ቦታ ከበለዘና ድዳቸው ከደማ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷቸው፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ይዘው ይሂዱ።