ለኮሌጅ ተማሪዎች የመስክ ጉዞ ትምህርት፦ ከጦሳ ተራራ ልጀምር ወይስ ከሌላ ቦታ? (ደሴ)

ጠያቂ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ እዚሁ ደሴ በሚገኝ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ከየካቲት ጀምሮ ከዚህ በፊት በኮሌጃችን ያልነበረ የመስክ ትምህርት እንድሰጥ ተመድቤያለሁ፤ ትምህርቱ የእግር ጉዞን፣ የካርታና የኮምፓስ አጠቃቀምን፣ ድንኳን ተክሎ ማደርንና የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታን ያጠቃልላል። ተማሪዎቼ 46 ናቸው። ከመካከላቸው ሁለት ሰዓት በእግራቸው እየተመላለሱ የተማሩ የገጠር ልጆች አሉ፤ ከአፋርና ከባቲ ቆላ የመጡ አሉ፤ ሦስተኛ ፎቅ ለመውጣት የሚያለከልኩም አሉ። አጋዤ አንድ የስፖርት ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ብቻ ነው።

አለቆቼ የመጀመሪያው ጉዞ ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ተጠናቅቆ ፎቶግራፍ እንዲነሳ ይፈልጋሉ፤ ተራራው ከየሰፈሩ ስለሚታይ ቀላል ይመስላቸዋል። እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለዚህ ከየት ብጀምር እንደሚሻል፣ አቅማቸው ይህን ያህል የተራራቀ ተማሪዎችን በአንድነት እንዴት መምራት እንደሚቻል፣ ውጤታቸውንስ በምን ልመዝን እንደሚገባ ልምድ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዐቢይ ጾምና ረመዳንም በዚሁ መንፈቅ ዓመት ውስጥ እንደሚገቡ ከግምት አስገቡልኝ።

የስፖርት ሳይንስ መምህር (ኮምቦልቻ)

ጦሳን ለመጨረሻው ያቆዩት። እንዲህ የምልዎ ተራራው የማይደፈር ሆኖ ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ቀን ማን ቶሎ እንደሚደክም፣ ማን ደክሞት እንደሚደብቅ፣ ማንስ ትእዛዝ እንደማይሰማ ገና ስለማያውቁ ነው። ይህንን ማወቅ የሚገባዎ ከግቢው አጥር ውስጥ ወይም ከከተማው ዳር ባለ ዝቅተኛ ኮረብታ ላይ ሲሆን፣ ገደል አፋፍ ላይ ከደረሱ በኋላ ማወቁ ጥቅም የለውም።

የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜያት በግቢ ውስጥ ያሳልፉ። በሜትር 100 ሜትር ለክተው እያንዳንዱ ተማሪ ያንን ርቀት በስንት እርምጃ እንደሚጨርስ እንዲቆጥርና እንዲመዘግብ ያድርጉ፤ ከዚያም ያንኑ ርቀት በዳገት ላይ ደግመው ሲያስቆጥሩት ቁጥሩ እንደሚጨምር ራሳቸው ያያሉ። 1፡50,000 የሆነውን የመልክዓ ምድር ካርታ ካገኙ፣ በካርታው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር መሆኑን ከእርምጃቸው ጋር ማገናኘት ይቀልላቸዋል። በስልክ ካርታ ብቻ የተማረ ልጅ ባትሪው ሲያልቅ ትምህርቱም አብሮት ያልቃል።

የጉዞ ጊዜን ለማስላት የስኮትላንዱ ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ያወጣው ስሌት እስካሁን ያገለግላል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ይሰጡና ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይጨምሩበታል። ለምሳሌ መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ በጠቅላላው 450 ሜትር ቢሆን፣ ለርቀቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ለዳገቱ 45 ደቂቃ፣ በድምሩ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሦስት ደቂቃ ይቀረዋል። ይህ ግን ለለመደና ሳያርፍ ለሚጓዝ ሰው ነው። እርስዎ በያዙት ዓይነት ክፍል ላይ ግማሹን ጨምረው ሦስት ሰዓት ይበሉት።

ከመነሳትዎ በፊት የመመለሻ ሰዓት ይወስኑ፤ ጫፉ ሃምሳ ሜትር ቢቀረውም ሰዓቱ ሲደርስ ፊትዎን ያዙሩ። በበልግ ወራት በእኛ አካባቢ ጠዋት ጠርቶ የዋለ ሰማይ ከሰዓት በኋላ ሊጠቁር ስለሚችል፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተነስቶ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ከአናቱ መውረድ ይበጃል። መብረቅ በታየና ነጎድጓድ በተሰማ መካከል ያለው ጊዜ ከ30 ሴኮንድ ካነሰ፣ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ከሸንተረሩ ወዲያው ይውረዱ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይጠጉ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ላይ አይመለሱ።

ስለ ቁጥሩ፣ 46 ተማሪ በሁለት ሰው አይመራም። ኮሌጁን ተጨማሪ መምህራን ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ክፍሉን ለሁለት ከፍለው በተለያየ ቀን ይውጡ። በአንድ መሪ ከ10 እስከ 12 ተማሪ በቂ ነው። ከፊት የሚሄደው ፈጣኑ ልጅ አይሁን፤ ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ነውና እርሱን ከመሪው ቀጥሎ ያስቀድሙት፣ ጠንካራውንና ትዕግሥተኛውን ደግሞ ፊሽካ ሰጥተው ከኋላ ያድርጉት። በየማረፊያው ቁጥር ይጥሩ።

ነርስ (ደሴ)

መምህሩ ያነሱት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ በጤናው በኩል ልጨምር።

ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ አጭር የጤና መጠይቅ ይሙላ፤ ወረቀቱንም ከእርስዎ በስተቀር ማንም አይየው። አስም፣ የሚጥል በሽታ፣ ስኳርና የልብ ሕመም በስም ተጠቅሰው ይጠየቁ። የልብን ነገር አጥብቄ የምናገረው፣ በልጅነት ከታመመ ጉሮሮ ተነስቶ የልብ በሮችን የሚጎዳው የሩማቲክ ሕመም በአገራችን ወጣቶች ዘንድ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ስለሚቆይ ነው፤ ዳገት ላይ ከጓደኞቹ ሁሉ በተለየ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ራሱን የሚስት ልጅ ሐኪም ሳያየው በምንም ምክንያት እንደገና ወደ ዳገት መሄድ የለበትም። አስም ያለበት የሚነፋውን መድኃኒት በኪሱ ይያዝ፤ በሻንጣው ውስጥ ሆኖ ሻንጣው በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ከሆነ እንደሌለ ይቆጠራል። የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ከትምህርቱ አይወገድ፤ ከገደል አፋፍና ከውኃ ዳር ግን ይራቅ።

ከቆላ የመጡት ልጆች ደሴ ውስጥ ብዙ ሳምንት ከቆዩ ሰውነታቸው ይላመዳል፤ በደረሱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ግን ከባድ ዳገት አያስወጧቸው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ያለበት ልጅ ወደ ላይ አይቀጥልም፣ ካልተሻለው ይወርዳል።

ብርዱን አትናቁት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ በላብ የራሰ ቲሸርት ላይ ነፋስ ሲጨመርበት ልጁ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይጎተታል፣ ይደናቀፋል። ይህ ሲታይ እርጥቡን ልብስ አስወልቆ በደረቅ መሸፈን፣ ከነፋስ መከለልና ጣፋጭ ትኩስ ነገር ማጠጣት ያስፈልጋል። በየቡድኑ አንድ ጋቢ ቢያዝ ከብዙ ውድ ዕቃ ይሻላል።

ስለ ጾሙ፣ ውኃ የማይጠጣን ተማሪ ረዥም ዳገት ማስወጣት ተገቢ አይደለም። በረመዳን ሳምንታት የካርታውን፣ የቋጠሮውንና የመጀመሪያ ዕርዳታውን ትምህርት በጥላ ሥር ያድርጉት፤ የዐቢይ ጾም ጿሚ ደግሞ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ልጆቹን ራሳቸውን ይጠይቁ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አይጾምም። ዓርብ ቀን ባይመርጡ ጁምዓውም ጾሙም አይጋጭብዎትም። የቀረውን ጊዜ ለአንድ ሰው በሰዓት ግማሽ ሊትር ውኃ ያስቡ።

ድንገተኛ ነገር ቢገጥም የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ነገር ግን አምቡላንስ ተራራ አይወጣም። ስለዚህ ወለምታ ያገኘውን ልጅ እስከ መኪና መንገድ ድረስ በምን እንደምታወርዱት አስቀድሞ ይታሰብ፤ በሁለት ጠንካራ እንጨትና በሁለት ኮት ቃሬዛ መሥራትን ከመውጣታችሁ በፊት በግቢው ሣር ላይ ይለማመዱት፣ ተሸካሚዎቹም ቢያንስ ስድስት ይሁኑ፤ ቁልቁለት ላይ ሰው መሸከም ቶሎ ያደክማል።

የቀድሞ ተማሪ

እኔ በሌላ ከተማ እንዲህ ያለ ትምህርት የወሰድሁ ሴት ነኝ። ከእኛ ክፍል ሴቶች ግማሾቹ ያቋረጡት ዳገቱ ከብዷቸው አልነበረም፤ መጸዳጃ የት እንዳለ የሚነግረን ስላልነበረና በሱሪ ካልሆነ አትመጡም ስለተባልን ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያልቅ ሰፊ ቀሚስ ከሥሩ ሱሪ ተለብሶበት፣ ሒጃቡም በአግባቡ ታስሮ፣ ለእግር ጉዞ ምንም አያግድም። ለአዳሩ ሴት መምህርት ካልተገኘች ብዙ ቤተሰብ አይፈቅድም፤ ይህንን ከወዲሁ ያዘጋጁ።

የአካል ብቃት አሠልጣኝ (ደሴ)

ከላይ የተሰጠውን ምክር አከብራለሁ፤ በምዘናው ላይ ግን ሰዓት መያዝ አለበት እላለሁ። ተማሪ ካልተወዳደረ አይተጋም፤ ጦሳን በስንት ደቂቃ ወጣ የሚለው ቁጥር ለክርክር የማይጋለጥ ውጤት ነው።

የስፖርት ሳይንስ መምህር (ኮምቦልቻ)

ክቡር ባልደረባዬ፣ ሩጫ ለመመዘን ከሆነ የስታዲየም መም በቂ ነው። በሰዓት የሚመዘን ዳገት ላይ ግን ደካማው ልጅ ሕመሙን ይደብቃል፣ ጠንካራው ጓደኛውን ጥሎ ይሄዳል፣ ጉም ሲወርድም ማንም መመለስን አይመርጥም፤ ይህ ሁሉ ትምህርቱ ሊያስተምር ከተነሳበት ነገር ተቃራኒ ነው። ደግሞም ያደገው ገጠር ውስጥ የሆነ ልጅ ምንም ሳይማር ከፍተኛውን ነጥብ ያገኛል። ለክርክር የማይጋለጥ ውጤት ከተፈለገ ሊቆጠር የሚችል ሌላ ብዙ ነገር አለ፦ ያስገባው የጉዞ ዕቅድ ከትክክለኛው ጊዜ ምን ያህል ተለያየ፣ በኮምፓስ የተሰጠውን አቅጣጫ ይዞ ከተተከለው ምልክት ምን ያህል ሜትር ርቆ ደረሰ፣ ድንኳኑ በሌሊት ነፋስ ቆመ ወይስ ወደቀ፣ የጓደኛውን ቁርጭምጭሚት በፋሻ በትክክል አሰረ ወይ። ለቡድን መሪነት ተራ ይስጧቸውና ከሁሉ የሚበልጠውን ነጥብ በዚያ ላይ ያድርጉት።

ጠያቂ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ፣ ጦሳን ወደ ግንቦት ገፍቼ፣ ምዘናውን መምህሩ ባሉት መንገድ ለማዘጋጀት ወስኛለሁ፤ የአሠልጣኙን ሐሳብም ለግቢው ውስጥ ሩጫ እጠቀምበታለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ከጦሳ በፊት መካከለኛ ጉዞ የት ማድረግ ይቻላል? አዳሩንስ ሐይቅ ዳር ባደርገው፣ ተማሪዎቹ ዋና ቢጠይቁኝ ምን ልመልስ?

የስፖርት ሳይንስ መምህር (ኮምቦልቻ)

ለመካከለኛው ጉዞ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የጎፍ ደን ያስቡበት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ መነሻው ከደሴ ይሞቃል፤ ደኑም ጽድና ወይራ ስላለው ለዕፅዋት ትምህርት ይመቻል፤ በዛፍ መካከል አቅጣጫ መያዝ ደግሞ ገላጣ ቦታ ላይ ከመያዝ ስለሚከብድ የኮምፓሱ ጥቅም ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ደኑ የመንግሥት ጥበቃ ስላለበት የኮሌጁን የድጋፍ ደብዳቤ ይዘው አስቀድመው ያስፈቅዱ፤ እሳት አያንድዱ። በዚያው ሳምንት የመንገዱን የፀጥታ ሁኔታ ከሚመለከታቸው ያረጋግጡ፤ ባለፈው ወር ሰላም ነበር የሚለው አይበቃም።

የሐይቅ ከተማ ነዋሪ

እዚሁ ሐይቁ ዳር ያደግሁ ነኝ። ተማሪዎቹ ውኃ ዋና ከጠየቁዎ መልስዎ እምቢታ ይሁን። ሐይቁ ከላይ የተረጋ ቢመስልም ጥልቀቱ በመካከሉ ከ80 ሜትር ያልፋል፤ ከዳር ጥቂት እንደተራመዱ መሬቱ የሚከዳበት ቦታ አለ፣ በመዋኛ ገንዳ የለመደ ልጅ ይህንን አያውቅም። ጀልባ ላይ የሚወጣ ሁሉ የሕይወት አድን ጃኬት ይልበስ፤ ጃኬቱ ለሁሉ ካልበቃ በፈረቃ ይሂዱ ወይም ይቅር። ከዳር ሆኖ ገመድ ወርውሮ ሰው ማውጣትን ቢያስተምሩ ግን እጅግ ይጠቅማል፤ ባዶ የፕላስቲክ ጀሪካን በገመድ ጫፍ ከታሰረ ለመወርወርም ለመንሳፈፍም ይሆናል፣ የሚሰምጠውን ልጅ ለማዳን ዘሎ የሚገባው ግን ሁለተኛ ሰው ሆኖ ይሰምጣል።

ድንኳኑን ከውኃው ራቅ አድርገው ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ላይ ይትከሉት፤ በበልግ ጎርፍ የሚወርድበትን ቦይ የአካባቢው ገበሬ በጣቱ ያሳይዎታል። መሬቱ የሰው ማሳ ወይም የከብት መዋያ ስለሆነ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ አይረፉ፤ ሰላምታ ሰጥቶ ለጠየቀ እምቢ የሚል ብዙ አያጋጥምዎትም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሊጎበኙ ካሰቡ ሴቶች ወደ ውስጥ እንደማይገቡ አስቀድመው ለክፍሉ ይንገሩ፤ በዚያ ሰዓት ሴቶቹ ከመምህርታቸው ጋር የሚሠሩት ሌላ ተግባር ይዘጋጅላቸው፣ በር ላይ ተቀምጠው አይጠብቁ።

ለመመለሻው የተከራዩት አውቶቡስ አዳሩንም እዚያው እንዲቆይ ተስማምተው ውሉ ላይ ያስፍሩት። ሌሊት የታመመ ልጅ ቢኖር ወደ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ መኪና እዚያው መቆሙ ከሁሉ ነገር ይቀድማል።