በዳርዊን፣ አውስትራሊያ፣ የማኅበራችን የዕቅድ ውይይት፦ የዱር ምግብ ቀን

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የድጋፍ ማመልከቻው ረቂቅ ይኸው፦ «በክረምት ልጆቻችንን ጫካ ወስደን የአገሩን ነባር ሕዝቦች፣ የአቦርጂናሎችን፣ የዱር ፍሬ እናስለቅማለን።» ዓርብ ስለሚገባ ቶሎ አስተያየት ስጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ «ክረምት» ይውጣ። የእኛ ሰው ክረምት ሲባል ሐምሌ ነው የሚመስለው፤ ያኔ ዳርዊን ጠብ አይልም። ዝናቡ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ጥምቀት ላይ ከላይም ከታችም የምንጠመቀው ለምን ሆነና!

የወጣቶች ተጠሪ፦ የካካዱ ፓርክ አካባቢ ነባር ሰዎች ዓመቱን 6 ቦታ ይከፍሉታል። ዋናው ዝናብ ጉጄውግ ነው። ቀጥሎ ባንግሬንግ ይመጣል፤ ወጨፎው ከሰው የሚረዝመውን ሣር መሬት ላይ ያነጥፈዋል። (ሣሩ የማሽላ ዘመድ ነው፣ ለነገሩ።) ልጆቹ እነዚህን ስሞች ቢማሩስ? አረንጓዴው ፕለም የሚባለው የዱር ፍሬ ዝናቡ ሲጀምር ይደርሳል፣ ካካዱ ፕለም ሲያባራ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያ የቫይታሚኑ?

የወጣቶች ተጠሪ፦ አዎ። የወይራ ፍሬ የምታክል፣ ስትቀምሳት ፊት የምታስጨማድድ። 100 ግራሙ ከ1,000 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ ሊኖረው ይችላል። ብርቱካን 50 አካባቢ ነው።

ጋሼ፦ እኔን የከበደኝ «እናስለቅማለን» የሚለው ነው። ቺኪ ያም የሚሉት ሥር አለ፣ የወላይታ ቦዬ ዘመድ። ጥሬውን መርዝ ነው። አብስለው፣ በስሱ ከትፈው፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል። የቲዊ ደሴት ሰዎችማ ዝናቡ ሲገባደድ ኩላማ የሚባል ሥርዓት ያደርጉለታል። እኛ ይህን ከዩቲዩብ አይተን ልጅ ልናበላ ነው? ደግሞ ካካዱ ፓርክ ውስጥ ጎብኚ ተክል መንቀል ክልክል ነው።

ጸሐፊ፦ እውነትዎን ነው ጋሼ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጋሼ፦ ዳርዊን የላራኪያ አቦርጂናል ሕዝብ አገር ነው። እነሱ ይምሩን፣ ይከፈላቸው። ጤፍን አትርሱ። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ የዱቄቱን አሠራር በፓተንት (በፈጠራ ባለቤትነት መብት) ይዞብን፣ ሄግ ያለ ፍርድ ቤት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በካካዱ ፕለምም አንድ የአሜሪካ የመዋቢያ ኩባንያ ሞክሮት ነበር፤ ተቃውሞ ሲበዛ ተወው። እኛ እንኳ የሰው ዕውቀት በነፃ አንውሰድ።

ገንዘብ ያዥ፦ ክፍያው ከየት ይምጣ? ለቲሸርት የያዝነው አለ፣ እሱ ይዙር።

የወጣቶች ተጠሪ፦ እስማማለሁ። ቲሸርት ሞልቶናል።

ጸሐፊ፦ እንዲህ ልበለው? «በባንግሬንግ ወቅት የላራኪያ አዋቂዎች በክፍያ ለ20 ልጆች የዱር ምግብ ተክሎችን ያሳያሉ። የሚቀመሰውን እነሱ ይመርጣሉ። ፎቶ የሚነሣው ሲፈቅዱ ብቻ ነው።»

ጋሼ፦ ጥሩ ነው። ግን ሳትልኪው በፊት እነሱን ጠይቂ። ስማቸውን ጽፎ ኋላ መንገር ነውር ነው። ዓርብ ካለፈም ይለፍ።

ጸሐፊ፦ ነገ ጠዋት ደውዬ አሳውቃችኋለሁ። ቲሸርቱ ግን አልታተመም አይደል?

ገንዘብ ያዥ፦ ቀብድ ብቻ ነው የከፈልኩት። እለምናቸዋለሁ።