የአምፕ ኪቱ ሐሳብ፦ ጉባኤው ፊት ከመቅረቡ በፊት እዚሁ እናብስለው

ፀሐፊዋ፦ ሰላም ለሙዚቃ ማኅበራችን አባላት ሁሉ። እሑድ ቡና ላይ ያወራነውን በጽሑፍ አድርጊው ስላላችሁኝ ይኸው ረቂቁ። «ማኅበሩ የፌንደር ቻምፕ አምፕሊፋየር ቅጂ የሚሠራባቸው ሦስት ኪቶች ያስመጣል። አባላት በሦስት ቡድን ተከፍለው በሁለት ቅዳሜ ገጣጥመው ይጨርሳሉ። አንዱ ለመለማመጃ ክፍላችን ይቀራል፣ ሁለቱ ተሽጠው ወጪውን ይመልሳሉ።» እሑድ ላልነበራችሁ፣ ቻምፕ ማለት የአሜሪካው ፌንደር በ1950ዎቹ ለጀማሪዎች ብሎ ይሠራው የነበረ ትንሽዬ አምፕ፣ የጊታር ድምፅ ማጉያ ነው፤ ኪት ደግሞ ገጣጥመን የምንሠራው የተበታተነ ዕቃው ነው። የምትቀይሩትን ቀይሩ። ብቻ እዚህ ዝም ብላችሁ ከርማችሁ ጉባኤው ላይ እንዳትነሱብኝ።

ጊታሪስቱ፦ እኔ ሁለት እጄን አንስቼ ደግፌያለሁ። ለማያውቁት ትንሽ ልበል። ሞዴሉ 5ኤፍ1 ይባላል። 5 የ1950ዎቹን ዓመታት፣ ኤፍ ስድስተኛውን ማሻሻያ፣ 1 ደግሞ ራሱን ቻምፕን ያመለክታል። ውስጡ ያሉት ሦስት ቱዩቦች፣ ማለትም ሲግሉ የሚሠሩ የመስታወት ዕቃዎች ብቻ ናቸው፦ አንድ 12ኤኤክስ7፣ አንድ 6ቪ6፣ አንድ 5ዋይ3። የመጀመሪያው የጊታሩን ደካማ ሲግናል ሁለት ጊዜ ያሳድጋል፣ ሁለተኛው ስፒከሩን ይገፋል፣ ሦስተኛው ኤሲውን ወደ ዲሲ ይቀይራል። አለቀ። ቤዝ የለ፣ ትሬብል የለ፣ ሪቨርብ የለ። ያለው አንድ የቮሊዩም ቁልፍ ነው፣ ማብሪያ ማጥፊያውም እሱው ላይ ነው። ጉልበቱ 5 ዋት ገደማ ነው፣ ሳቁ እንጂ፤ በኛ ክፍል ውስጥ 5 ዋት ቱዩብ ሙሉ ሲከፈት ከታች ያሉት ባለሱቅ ወጥተው በሩን ያንኳኳሉ። ቁም ነገሩ ግን ጩኸቱ አይደለም። ትልቁ ትራንዚስተር አምፓችን ክሩን ቀስ ብለህ ብትነካውም ብትመታውም ያው ነው። ይሄኛው ቀስ ስትለው ጥርት ይላል፣ ጠበቅ ስታደርገው ሻከር እያለ ይመጣል። እጅህን ይሰማል።

ክራር ተጫዋቿ፦ እጅ የሚሰማ ከሆነ የኔስ እጅ? ማኅበሩ የጊታር ብቻ አይደለም ወንድሜ። ክራሬ ላይ የተለጠፈው ፒክአፕ (ድምፅ መቀበያ) ፒዬዞ ነው፣ ንዝረት የሚሰማው ዓይነት። እዚህ ላይ ሰክቼ ባቲ ብጫወት ይወጣልኛል ወይስ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል?

ጊታሪስቱ፦ እውነቱን ልንገርሽ፣ በቀጥታ ከሰካሽው ድምፁ ይቀጥናል። የአምፑ መግቢያ ሬዚስታንስ (መቋቋም) 1 ሜጋ ኦም ነው። ለጊታር ይበቃል፣ ፒዬዞ ግን ከዚያ ከፍ ያለ ይፈልጋል። መሀል ላይ ትንሽ ፕሪአምፕ (ቅድመ ማጉያ) ከገባ ይስተካከላል። እሷን እኔ እሠራልሻለሁ።

ክራር ተጫዋቿ፦ ይቺ ቃል ረቂቁ ውስጥ ትግባልኝ።

ጋሽ ሬዲዮ፦ ልጆች፣ ደስ ብሎኛል። ከእንግዲህ ቱዩብ የሚባል ነገር አልነካም ብዬ ነበር። በኛ ጊዜ የቤት ሬዲዮ የሚሠራው በሱ ነበር። ቁልፉን ታዞሩና ድምፁ እስኪመጣ ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ መስታወቱ ውስጥ ቀይ ብርሃን ቀስ እያለ ይነሳል። ረቂቁን ሳነበው ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ይህ ዕቃ ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ዲሲ አለው። ሶኬቱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮቹ ይዘውት ይቆያሉ። ወጣት ሳለሁ ከግድግዳ የነቀልኩትን ሬዲዮ ሞቷል ብዬ ሁለት እጄን አስገባሁ። ከወንበሩ የተነሳሁት በራሴ ፈቃድ አልነበረም። ክርኔ ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ መትቶ የሌላ ደንበኛ ሬዲዮ ጣለ፣ እሱንም ከኪሴ ከፈልኩ። ያን ቀን የከፈትኩት አንድ ሣጥን ነው፣ ብቻዬንም ነበርኩ። አሁን ሦስት ሣጥን ተከፍቶ፣ አሥራ ሁለት ሰው ዙሪያውን ቆሞ፣ እኔ የማንን እጅ ልይ? አንድ ኪት ይሁን። መብራት ሲገባበት የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም በአንድ እጁ። ሌላኛው እጅ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል።

ጊታሪስቱ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ ኪት ከሆነ ሁለት ሰው ይሠራል፣ አሥሩ ቆሞ ያያል። ያው እንደ መንገድ ቁፋሮ። ሦስት ያልነው እኮ ሁሉም እጁን እንዲያስገባ ነው።

ገንዘብ ያዧ፦ እናንተ ስለ እጅ ስታወሩ እኔ ስለ ኪስ ልናገር። ሦስት ኪት ማለት ሦስት እጥፍ ዋጋ፣ ሦስት እጥፍ ቀረጥ ነው። «ሁለቱ ይሸጣሉ» የሚለው መስመር ደግሞ እንቅልፍ ነስቶኛል። ማነው የሚገዛው? ገዝቶ ቤቱ ወስዶ አንድ ቀን ቢነዝረውስ? አባላት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰቡ የገጣጠሙት ነው ልንለው ነው? ለሽያጭ ከሆነ አልፈርምም። ለራሳችን ከሆነ አንዱ በሦስት ወር መዋጮ ይሸፈናል፣ ቴስተሩና የሶልደር ካውያውም የማኅበሩ ንብረት ሆኖ ይቀራል።

ከሜሪላንድ፦ ከዚህ ሆኜ እየተከታተልኩ ነው። የገና ሰሞን ስለምመጣ በሻንጣ ላመጣው እችላለሁ። ሻሲው፣ ቦርዱና ትራንስፎርመሮቹ ብቻ ከሆኑ ያን ያህል አይከብዱም፣ ቱዩቦቹን በእጅ ሻንጣ እይዛቸዋለሁ። ሣጥኑንና ስፒከሩን ግን አልጭንም፣ የእናቴ ትእዛዝ ብቻውን አንድ ሻንጣ ይሞላል። ችግሩ እዚህ የሚሸጠው ኪት ትራንስፎርመሩ ለ120 ቮልት መሆኑ ነው። የኛ አገር 220 ስለሆነ ማውረጃ ትራንስፎርመር ገዝታችሁ በሱ ብትጠቀሙስ?

ጋሽ ሬዲዮ፦ አይሆንም የኔ ልጅ። ማውረጃው አንድ ቀን ሌላ ክፍል ይረሳል። አንዱ የቸኮለ ደግሞ አምፑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰካዋል። በዚያች ቅጽበት ውስጡ ያለው ቮልት ሁሉ እጥፍ ልሁን ይላል፣ ከዚያ የሚተርፋችሁ ሽታ ነው። ሌላም አለ። የናንተ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ 50። ማውረጃው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። ለ60 ብቻ የተጠቀለለ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ይጨናነቅና ይግላል። ስለዚህ ስታዝ 50 ኸርዝ የሚችል፣ 220 ወይም 230 መግቢያ ያለው በል። 240 ብቻ ያለውንም አትቀበል። የቱዩቦቹ ማሞቂያ የሚፈልገው 6.3 ቮልት ነው። የ240ውን 220 ላይ ስትሰካው 5.8 ገደማ ያገኛል፣ እሱስ ይቻላል። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱን ሲሰካ ግን መብራቱ ወደ 200 ይወርዳል፣ ያኔ 5.25 ትገባለህ። ቱዩቡ ይበርደዋል።

ከሜሪላንድ፦ ምጣዱን ረስቼው ነበር። ገባኝ ጋሼ። ሲጠየቁ ትራንስፎርመሩን የሚቀይሩ ሻጮች አሉ፣ ከነሱ ነው የማዘው።

አናጢው፦ ሣጥኑ የኔ ነው። ድሮ የሚሠራው ፓይን ከሚባል ቀላል እንጨት ነበር፣ ማዕዘኖቹ እንደ ተቆላለፉ ጣቶች የተያያዙ፣ ከላይ ቢጫማ ወፍራም ጨርቅ የተለጠፈበት። እኔ በዋንዛ እሠራዋለሁ። ለከበሮ የሆነ እንጨት ለአምፕ አያንስም። ጀርባው ክፍት ይሆናል፣ ስፒከሩ 8 ኢንች፣ 4 ኦም፣ እሱን እዚሁ እንፈልጋለን። ጨርቁን በተመለከተ ቢጫውን ከየት እናምጣ? ጥበብ ብናለብሰውስ?

ገንዘብ ያዧ፦ ሙሽራ አደረጋችሁት እኮ።

ክራር ተጫዋቿ፦ ጥበብ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ ብቻ።

ጋሽ ሬዲዮ፦ ከቱዩቦቹ አጠገብ ጨርቅ እንዳይደርስ። 6ቪ6 ሲግል እጅ ይልጣል።

አናጢው፦ እሺ፣ ፊት ለፊት ብቻ። ደግሞ ግንባሩ ላይ የፌንደርን ስም እንለጥፍ ያላችሁ ነበራችሁ። እኔ አልለጥፍም። ቅጂ ነው፣ ቅጂ መሆኑን ጀርባው ላይ እጽፋለሁ።

ፀሐፊዋ፦ ጥሩ። የመንገድ ቁፋሮው ጥያቄ ግን አልተመለሰም። አንድ ኪት ከሆነ የቀሩት ምን ይሥሩ?

ጋሽ ሬዲዮ፦ ኪቱ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ቅዳሜ ስጡኝ። ቤቴ የሞቱ ሬዲዮኖች ሞልተዋል፣ ልጆቼ ጣላቸው እያሉ ይጨቀጭቁኛል። እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ ይዞ ዕቃውን ነቅሎ መልሶ ሶልደር ያደርጋል። የደበዘዘና እንደ ኳስ የተድበለበለ ጠብታ ካየሁ ይደገማል። ጥሩ ሶልደር ያበራል፣ ሽቦውን ተከትሎ ይፈስሳል። ኪቱ ሲመጣ ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት ዕቃ ያስገባል። ሬዚስተር ከሆነ ከማስገባቱ በፊት በቴስተር ይለካዋል፣ ደብተር ላይ ይጽፈዋል፣ ቀጥሎ ያለው ሰው ደግሞ የሱን አይቶ ነው የራሱን የሚጀምረው። ላዩ ላይ ያሉትን የቀለም መስመሮች አይቼ አውቀዋለሁ የሚል አልቀበልም። ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቢጫ 100 ኪሎ ኦም ነው። ቡኒ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ 1 ሜጋ ነው። በማታ መብራት ሁለቱ መንትያ ናቸው፣ ልዩነታቸው ግን አሥር እጥፍ ነው።

መጀመሪያ የሚበራ ቀን ደግሞ ግድግዳው ላይ በቀጥታ አንሰካውም። በመሀል ባለ ክር 60 ዋት አምፖል በተከታታይ እናስገባለን። ውስጡ የተነካካ ነገር ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይቀራል፣ አምፑ ይተርፋል። ደህና ከሆነ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ኤልኢዲ ለዚህ አይሆንም፣ ባለ ክሩ ደግሞ ከሱቅ እየጠፋ ነው፣ ቤቱ ያለው ያስቀምጥልኝ። ስፒከር ሳይገጠምለትም አይበራም፣ መውጫ ትራንስፎርመሩ ይጎዳል። ሁሉም ካለፈ የ6ቪ6ን ካቶድ የሚባለውን እግር እንለካለን። እዚያ ባለው 470 ኦም ሬዚስተር ላይ 19 ቮልት ካነበብን 40 ሚሊ አምፔር እያለፈ ነው ማለት ነው። ከ300 ቮልት ጋር ስታባዙት 12 ዋት፣ ቱዩቡ የሚችለውም እዚያው አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ አጥፍተን እንነጋገራለን።

ጊታሪስቱ፦ ሲበራ ያፏጫል የሚሉ ሰምቻለሁ። ምንድነው እሱ?

ጋሽ ሬዲዮ፦ ከስፒከሩ ወደ ኋላ፣ ወደ 12ኤኤክስ7 ሁለተኛ ግማሽ የምትመለስ አንዲት 22 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አለች። ሥራዋ ድምፁን ማረጋጋት ነው። የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ከገጠሙ ግን ማረጋጋቷ ቀርቶ ታባብሰዋለች፣ ያኔ ሳጥኑ ይጮሃል፣ ውሻ ይሰበስባል። ያን ቀን ማንም እንዳይደነግጥ። አጥፍቶ፣ ነቅሎ፣ ካፓሲተሮቹን በሬዚስተር አራግፎ፣ ባዶ መሆናቸውን በቴስተር አይቶ፣ ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር ነው።

ጊታሪስቱ፦ እሺ ተሸንፌያለሁ። አንድ ኪት። እኔም አንድ ነገር ላስገባ፦ ካለቀ በኋላ ማኅበሩ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳይቆለፍ። እንደ ጽዋ በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይዙር። ጽዋውን የተቀበለ ወሩን ሙሉ ይጫወትበት።

ገንዘብ ያዧ፦ ይሄ ደስ ይላል። የሰበረ ግን ይክፈል።

ጋሽ ሬዲዮ፦ ጽዋው የሚሄደው ግራውንድ ያለው ሶኬት ወዳለበት ቤት ብቻ ነው። የድሮው ቻምፕ ሁለት እግር ነበር መሰኪያው፣ የኛ ሦስተኛ ሽቦ ይኖረዋል፣ እሷም ለጌጥ አይደለችም። ሶኬቱን እኔ ቀድሜ መጥቼ አየዋለሁ። ቡና ካለ።

ፀሐፊዋ፦ ቡናማ አይጠፋም። እንግዲህ እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ እዩት። «ማኅበሩ የ5ኤፍ1 ቻምፕ ቅጂ የሚሠራበት አንድ ኪት፣ ያለ ሣጥንና ያለ ስፒከር፣ ያስመጣል። ትራንስፎርመሩ 50 ኸርዝ የሚችልና 220 ወይም 230 ቮልት መግቢያ ያለው ይሆናል። ሣጥኑ እዚሁ በዋንዛ ይሠራል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ተሳታፊ ሁለት ቅዳሜ የሶልደር ልምምድ ያደርጋል፣ ያልተለማመደ ኪቱን አይነካም። ኤሌክትሪክ በገባበት ጊዜ የጥገና ባለሙያችን ጋሽ ሬዲዮ ካልተገኙ ሣጥኑ አይከፈትም። የማለቂያ ቀን አይቆረጥም። አምፑ አይሸጥም፣ በአባላት ቤት በተራ ይዞራል። ለክራር የሚሆን ፕሪአምፕ በጊታሪስቱ ይሠራል።»

ገንዘብ ያዧ፦ «የማለቂያ ቀን አይቆረጥም» የሚለው መዋጮውን እንዳይጨምር። መዋጮው ቀን አለው።

ፀሐፊዋ፦ እጨምረዋለሁ።

ከሜሪላንድ፦ 230 የሚለውን ለሻጩ በትልቁ ጽፌ ልኬያለሁ፣ ሁለቴ አስምሬበታለሁ።

ክራር ተጫዋቿ፦ ፕሪአምፑ ግን የማለቂያ ቀን ቢኖረው ደስ ይለኛል።

ጊታሪስቱ፦ ከፋሲካ በፊት። በቃ?

ጋሽ ሬዲዮ፦ አምፖል ያገኘ አለ ወይ?

አናጢው፦ ወርክሾፔ ሽንት ቤት ውስጥ አንድ አለ ጋሼ፣ ባለ ክር፣ 60። ነቅዬ አመጣዋለሁ፣ እስከዚያ በሻማ እንገባለን።