የውሃ ቢሌ ሦስት እጥፍ መጣ፤ ነገ መክፈያው ነው፣ ምን ላድርግ?

የልጆች እናት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቸኩያለሁ። ዛሬ የውሃ ቢል ደረሰኝ፤ ካለፈው ወር ሦስት እጥፍ! ቤት ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም። እንግዳም አልነበረንም። ኩባንያው ወደ ግል ከዞረ ወዲህ ዋጋው ሲንር ቆይቷል፣ አሁን ግን ለየለት። ስደውል ሙዚቃ ብቻ ነው የሚያሰሙኝ። መክፈያው ነገ ነው። ልክፈል ወይስ ልተወው? ይቆርጡብኛል?

ጠብታ፦
ሙዚቃውስ ያስደስታል? የእኛዎቹ አንድ ዘፈን ብቻ ነው ያላቸው፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

የቧንቧ ሰው፦
እህቴ አትደንግጪ። መጀመሪያ ሽንት ቤቱን እዪ። የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቺና የምግብ ቀለም ጠብ አድርጊበት። ግማሽ ሰዓት ማንም አይንካው። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎሚኒው (ውሃውን የሚይዘው ጎማ) አልቋል ማለት ነው። ይሄ ዓይነቱ ድምፅ የለውም፣ ወለልም አያረጥብም። ወራት ሲፈስ ላይታወቅ ይችላል።

ከዚያ ወደ ቆጣሪው። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ዝጊና ቁጥሩን በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድገሚ። ከተንቀሳቀሰ ውሃው የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። ታንከር ካላችሁ ግን ከመተኛትሽ በፊት መሙላቱን አረጋግጪ። አለዚያ ሌሊት ሲሞላ ያሳስትሻል።

ታዛቢው፦
ወዳጆቼ፣ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። እንግሊዝና ዌልስ በ1989 (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምለው) አሥሩን የክልል የውሃ ድርጅቶች በአክሲዮን ሸጡ። ሲሸጡ እዳቸው ተሰርዞላቸው ነበር። ዛሬ የዘርፉ እዳ ከ60 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ነው፣ ባለአክሲዮኖች ግን ትርፋቸውን ሲወስዱ ኖረዋል። በታኅሣሥ 2024 ተቆጣጣሪው አካል በአምስት ዓመት ውስጥ ቢል በአማካይ 36 በመቶ እንዲጨምር ፈቀደ፤ ያውም የዋጋ ንረት ሳይታሰብ። ቦሊቪያ ኮቻባምባ ውስጥ በ2000 ሕዝቡ በቢል ምክንያት አደባባይ ወጥቶ የግሉን የውሃ ኩባንያ አስወጣ። ታንዛኒያ ዳሬሰላም ውስጥ ከግል የውሃ ኩባንያ ጋር በ2003 የተጀመረው ውል በ2005 ተቋረጠ። ፓሪስ ደግሞ በ2010 ውሃዋን ወደ ከተማዋ መለሰች፣ በዓመቱ ዋጋውን 8 በመቶ ቀነሰች። እና እህቴ፣ የአንቺ ቢል የዚህ ሁሉ...

ጠብታ፦
ጋሼ፣ እስከ ፓሪስ ስንሄድ ሽንት ቤቱ እየፈሰሰ ነው።

ሂሳብ አዋቂ፦
ታሪኩ ልክ ነው ጋሼ፣ ለጥያቄዋ ግን መልስ አይሆንም። ስኮትላንድ ውስጥ ውሃ የመንግሥት ነው፤ በ2025 (እ.ኤ.አ.) ግን ክፍያው 9.9 በመቶ ጨምሯል። ያረጀ ቧንቧ መቀየርና ፓምፕ ማንቀሳቀስ ባለቤቱ ማንም ይሁን ገንዘብ ይፈልጋል። የግል ኩባንያ ሲሆን ትርፍ ይጨመርበታል፣ እሱን አልክድም።

እህቴ፣ ድርጅቱን ከመራገምሽ በፊት ቢሉን ካለፈው ወር ቢል ጎን አስቀምጪው። የተጠቀምሽው ኪዩቢክ ሜትር እንደበፊቱ ሆኖ ገንዘቡ ብቻ ካደገ፣ ታሪፍ ነው። ኪዩቡ ካደገ ደግሞ ወይ ውሃ እየፈሰሰ ነው፣ ወይ ቁጥሩ በስህተት ተነቧል። ንባቡ በግምት ነው ወይስ ሰው መጥቶ አንብቦ ነው?

የልጆች እናት፦
አንባቢው መጥቶ ነው። ኪዩቡ 14 ነበር፣ አሁን 33 ይላል። ግን እኮ ይሄ ከሁለት እጥፍ ትንሽ ከፍ ያለ ነው! ገንዘቡ ለምን ሦስት እጥፍ ሆነ? ይሄ ሌብነት አይደለም?

ሂሳብ አዋቂ፦
ታሪፉ በእርከን ከሆነ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ኪዩቦች ርካሽ ናቸው፣ እየበዛ ሲሄድ የእያንዳንዱ ዋጋ ይወጣል። የፈሰሰው ውሃ የሚታሰበው በውዱ እርከን ነው። የፍሳሽ (የቆሻሻ ውሃ) ክፍያም ብዙ ቦታ በውሃው ልክ ስለሚሰላ አብሮ ያድጋል። እርከኖቹን ቢሉ ጀርባ ላይ ፈልጊያቸው።

የቧንቧ ሰው፦
ልዩነቱ 19 ኪዩብ ነው፣ ማለትም 19 ሺህ ሊትር። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 630 ሊትር ገደማ። በደቂቃ ግማሽ ሊትር እንኳ አይሞላም። ቀጭን ክር የምታህል ውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ቁልቁል ስትወርድ አታስተውያትም። እኔ ሽንት ቤቱን ነው የምጠረጥረው። መጀመሪያ ግን ቆጣሪው ላይ አሁን ያለውን ቁጥር ቢሉ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ። የዛሬው ካነሰ አንባቢው ተሳስቷል፤ 3ን 8 ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል።

የሰፈር ልጅ፦
ሽንት ቤቱ ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምሪበት፣ ይታወቃል።

ጠብታ፦
ከላይ ተብሏል ወንድሜ።

የሰፈር ልጅ፦
እኔ ከታች ነው የማነበው።

ሕግ ተማሪ፦
ስለ መክፈሉ ማንም አልመለሰላትም። ዝም ብለሽ አትለፊው፤ ቀኑ ካለፈ ቅጣት ሊመጣ ይችላል። ነገ በጠዋት በጽሑፍ አቤቱታ አስገቢ፣ ቀን ያለበት ኮፒ አስቀሪ፣ የቆጣሪውን ፎቶ አያይዢ። ክርክር የሌለበትን፣ ማለትም የወትሮሽን ያህል፣ እንዲቀበሉሽ ጠይቂና ደረሰኝ ያዢ። ቆጣሪው እንዲፈተሽም መጠየቅ ትችያለሽ፤ ደህና ከሆነ ግን የፍተሻውን ወጪ ሊያስከፍሉሽ ይችላሉ። መቁረጥን በተመለከተ እንደ አገሩ ነው። እንግሊዝና ዌልስ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባልተከፈለ ቢል የመኖሪያ ቤት ውሃ መቁረጥን ከልክለዋል። ሌላ ቦታ ይቆርጣሉ፣ ውልሽን አንብቢ። የፈሰሰውን ጠግነሽ የጥገናውን ደረሰኝ ስታቀርቢ ቅናሽ የሚያደርጉ ድርጅቶችም አሉ።

ታዛቢው፦
ቅናሽ! ትርፍ ፈላጊ ቅናሽ ሲያደርግ አሳዩኝ።

ሂሳብ አዋቂ፦
ጋሼ፣ አቤቱታ ያላስገባ በግልም በመንግሥትም አይቀነስለትም።

አዲስ ገቢ፦
ይቅርታ፣ በዚሁ ልጠይቅ። እኛ ጋ ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ ፉጨት ያሰማል፣ ቆጣሪውም እንደ እብድ ይሽከረከራል። አየር ነው የምንከፍለው?

የቧንቧ ሰው፦
አዎ፣ አየርም ቆጣሪ ያዞራል። ውሃ ሲጠፋ ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ዋና መዝጊያ ዝጋ። ሲመለስ ትንሽ ቆይተህ ቀስ ብለህ ክፈት። ቧንቧ ከፍተህ ውሃ አትጠብቅ።