እየተለወጠ ባለ ሰፈር ቤት መግዛት፦ የምንከፍለው ለቆመው ነው ወይስ ለሚወራው?

ቁልፍ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ አንድ ቤት ላይ ዓይናችንን ጥለናል። ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ እየተሠራ ነው፣ ግማሹ እንደ ድሮው ነው። ከፊት አዲስ አፓርታማ፣ ከጀርባው የዛገ ቆርቆሮ። ደላላው በሄድን ቁጥር «ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ሰፈር አታውቁትም» ይለናል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ልቡ ይሞቃል፣ እኔን ያስፈራኛል። የማላውቀውን ሰፈር ለምን እገዛለሁ?

ለክርክር የማቀርበው ይኸው ነው፦ እንዲህ ያለ ሰፈር የሚመዘነው ዛሬ ባለው ነው ወይስ ነገ ይሆናል በተባለው? ሌላም አለ። እኛ ስንገባ የሚወጡ ሰዎች ካሉ፣ ያ የገዢ ጉዳይ ነው? ይህን ባለቤቴን ስጠይቀው «አሁን ይኼን ምን አመጣው» አለኝ።

ባለ ደብተሩ፦
ዛሬ ባለው ነው። አከራካሪ መሆኑ ራሱ ይገርመኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የለንደኑን ኤልሳቤጥ መስመር ውሰዱ። ባቡሩ በዲሴምበር 2018 ሥራ ይጀምራል ተባለ፤ የመካከለኛው ክፍል የተከፈተው ሜይ 24 ቀን 2022 ነው። ጣቢያ ሊመጣልኝ ነው ብሎ ጨምሮ የከፈለ ሰው ሦስት ዓመት ተኩል ዕዳውን እየከፈለ ጠበቀ ማለት ነው። ያውም ገንዘብ ባላት፣ ሥራውም ተጀምሮ በነበረባት ከተማ! የኒውዮርኩ የሁለተኛው አቬኑ የምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ ይብሳል። የታሰበው በ1920ዎቹ ነው። እሱ ሲመጣ አያስፈልጉም ተብሎ በአካባቢው የነበሩት የድልድይ ላይ ባቡሮች አንድ በአንድ ተነሡ፤ የመጨረሻው በ1955 ተዘጋ። የአዲሱ መስመር የመጀመሪያ ክፍል መንገደኛ የጫነው ጃንዋሪ 1 ቀን 2017 ነው። ያለው ተነቅሎ፣ የሚመጣው ሳይመጣ ስድሳ ዓመት አለፈ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉሃል ይኼ ነው።

ነገ ነው፦
ጋሼ፣ ምሳሌዎ ጥሩ ነው፣ ግን በግማሹ ነው የነገሩን። ባቡሩ ዘገየ እንጂ አልቀረም። «ዛሬ ባለው» ብቻ የሚመዝን ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገዛው፤ ሁሉ ነገር ሲረጋገጥ ዋጋውም አብሮ ይረጋገጣላ።

የማንሃተኑን ሶሆ ያስቡት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እየተዳከሙ የመጡ የፋብሪካ ሕንፃዎች ሰፈር ነበር። በላዩ ላይ ሰፊ ፈጣን መንገድ ሊያልፍበት ታቅዶ ስለነበር ማንም ሊያድሰው አልፈለገም። ስለ ከተሞች የምትጽፈው ጄን ጄኮብስና ነዋሪዎቹ ተከራከሩ፣ ዕቅዱ በ1969 ተሰረዘ። ዛሬ በከተማው ውድ ከሚባሉት ሰፈሮች አንዱ ነው። ያን ጊዜ በእርስዎ ሚዛን ቢለካ ማን ይገዛው ነበር?

ባለ ደብተሩ፦
ልጄ፣ ሶሆ ለእኔ ነው የመሰከረው። በወረቀት ላይ የነበረው መንገድ አልመጣም። የማዘጋጃ ቤት ዕቅድ አምኖ የወሰነ ሰው ሶሆን ጥሎ ይሸሽ ነበር። ዕቅድ ጥሩም ሲሆን መጥፎም ሲሆን ዕቅድ ነው።

ደግሞ የተሳካለት ሰፈር ስሙ ይጠራል፣ ያልተሳካለትን ማን ያነሣዋል? ዲትሮይት በ1950 1 ሚሊዮን 850 ሺህ ያህል ሕዝብ ነበራት፤ በ2020 የተቆጠረው 640 ሺህ አይሞላም። በእነዚያ ሰባ ዓመታት ውስጥ «አሁንስ ሊነሣ ነው» ተብሎ የተገዛ ቤት ምን ያህል ይሆን?

ነገ ነው፦
ዲትሮይት ፋብሪካው የሄደባት ከተማ ናት፤ እኛ የምናወራው ክሬን ስለቆመበት ሰፈር ነው። ሁለቱን አያምታቱ እንጂ ጋሼ።

ባለ ደብተሩ፦
ክሬንም ቆሞ ይዝጋል። ይሁን፣ በምሳሌ ከመወራወር ወደ ሒሳብ እንሂድ።

ቁልፍ ፈላጊ፣ ይህን አድርጊ። የቤቱን ዋጋ፣ ቤቱ ቢከራይ በዓመት በሚያስገኘው ኪራይ አካፍዪው። ከዚያ በዚያው ከተማ ለውጡ ያለቀለት፣ የሰከነ ሰፈር ውስጥ ተመሳሳይ ቤት ፈልገሽ በዚያው መንገድ አስዪ። ተከራይ የሚከፍለው ለዛሬ ነው፤ ለዛሬው ውሃ፣ ለዛሬው መንገድ፣ ለዛሬው ጫጫታ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሊመጣ ስለሚችል መናፈሻ አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ገዢ ግን ለዛሬውም ለነገውም ነው የሚከፍለው። የሰከነው ሰፈር የ20 ዓመት ኪራይ ካወጣና የእናንተው የ30 ከሆነ፣ አሥሩ ዓመት የወሬ ዋጋ ነው። ወሬው እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ቢሆንም ግን ትርፉን ሻጩ አስቀድሞ ወስዶታል። «ነገ ነው» የማይነግርሽ ይህንን ነው፤ ነገን በነፃ የሚሸጥ የለም።

ነገ ነው፦
ይህ ስሌት የሚሠራው ኪራዩ በነፃነት የሚወሰን ከሆነ ነው። በርሊን በፌብሩዋሪ 2020 የኪራይ ጣሪያ ሕግ አወጣች፤ በኤፕሪል 2021 የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሻረው። በዚያ መካከል የነበረውን ኪራይ ይዞ ያካፈለ ሰው ምን አገኘ? የሕጉን ቁጥር እንጂ የሰፈሩን አይደለም።

ስሌቱን ግን አልጥለውም። የራሴን ቤት ስገዛ ሠርቼው ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እንደ ዕድል ሆኖ ተሳካልኝ።

ባለ ደብተሩ፦
«እንደ ዕድል ሆኖ» ያልካትን በደብተሬ ጽፌያታለሁ።

መንገደኛው፦
ሁለታችሁም ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ነው የምትከራከሩት። ሰፈር በእግር ነው የሚታወቅ።

እህቴ፣ ደላላ የሚያሳይሽ እሑድ ረፋድ ላይ ነው። አንቺ ደግሞ ዝናብ ሲጥል ሂጂ፣ ውሃው ወዴት እንደሚወርድና የት እንደሚተኛ ታያለሽ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ሂጂና መኪና ውስጥ ሳይሆን በእግርሽ ከአውቶቡሱ ፌርማታ እስከ በሩ ተራመጂ። በሥራ ቀን ጠዋት ሰው ሁሉ በሚወጣበት ሰዓትም እንዲሁ። ባዶ ቦታ ካየሽ ከምንም በፊት እሱን ጠይቂ። በማደግ ላይ ባለ ሰፈር ባዶ ቦታ ባዶ አይደለም፣ ገና ያልወጣ ፎቅ ነው። በብዙ ከተሞች የግንባታ ፈቃድ መዝገብ ለጠየቀ ሁሉ ይታያል። ደላላው የሚያወራውን ሰፈር ማየት የፈለገ እዚያ መዝገብ ውስጥ ቢያየው ይሻለዋል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔም ተሸውጄበታለሁ። ዓይንም ይዋሻል። በ1982 ዊልሰንና ኬሊንግ የተባሉ ሁለት ሰዎች የተሰበረ መስኮት ካልተጠገነ ወንጀል ይጠራል የሚል ሐሳብ አመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ቆሻሻና የተላጠ ግድግዳ እየቆጠረ ሰፈር ይፈርዳል። በቺካጎ ሳምፕሰንና ሮደንቡሽ መንገዶችን በካሜራ ቀርጸው፣ ያለውን ቆሻሻና ብልሽት አንድ በአንድ ቆጥረው፣ ሰዎች «ይህ ሰፈር የተዝረከረከ ነው» ከሚሉት ጋር አነጻጸሩት። በ2004 ያሳተሙት ውጤት፦ ሰው መዝረክረክን «የሚያየው» በተቆጠረው ልክ ብቻ አይደለም፤ ጥቁሮችና ድሆች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር፣ የተቆጠረው እኩል ሆኖ እንኳ፣ ይበልጥ ያያል። ጥቁር ተመልካቾችም እንደዚያው። ስለዚህ «ሰፈሩ አላማረኝም» ስትዪ ያላማረሽ መንገዱ ነው ወይስ ሰዎቹ? ለራስሽ መልሺ፣ ለእኛ አይደለም።

የወንጀል ቁጥርም እንዲሁ ነው። በትንሽ ሰፈር ሁለት የነበረው አራት ሲሆን «በመቶ ፐርሰንት ጨመረ» ይባላል። አዲስ ነዋሪ ደግሞ ነባሩ ችሎ ያልፈው ለነበረው ሁሉ ፖሊስ ሊጠራ ይችላል፤ ቁጥሩ ከፍ የሚለው ወንጀሉ ሳይሆን ስልኩ በዝቶ ሊሆን ይችላል።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፦
እስካሁን የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩ። በሁሉም ውስጥ ሰፈሩ ዕቃ ነው፤ ይመዘናል፣ ይካፈላል፣ በምሽት ይጎበኛል። ጥያቄዋን በሙሉ የመለሰላት ግን የለም። ሁለተኛውን ዘላችሁታል።

ጄንትሪፊኬሽን የሚለውን ቃል ያመጣችው ሩት ግላስ የምትባል የኅብረተሰብ ተመራማሪ ናት፤ በ1964፣ ስለ ለንደን። ሠራተኞች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንድ በአንድ በመካከለኛው መደብ ሲያዙ አየች። ያን ጊዜም ለገዢዎቹ ሰፈሩ «እየተሻሻለ» ነበር። እኔ የምኖርበት ሕንፃ ሲሸጥ እንዲሁ ነው የተባለው። ውላችን አልታደሰም፤ ከስድስት ቤተሰብ አምስቱ ወጣን። ደረጃው በእብነ በረድ ተሠርቷል አሉ፣ አላየሁትም።

ነገ ነው፦
አዝናለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ክርክር ነውና ልናገር። ፍሪማንና ብራኮኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ስለ ኒውዮርክ ባሳተሙት ጥናት፣ በሚለወጡ ሰፈሮች ያሉ ድሃ ቤተሰቦች በሌላው ሰፈር ካሉት ይልቅ የመልቀቅ ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ነው የተገኘው። ሰፈር ሲሻሻል ነባሩም መቆየት ይፈልጋል። ሁሉም ይባረራል ማለት ልክ አይደለም።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፦
ጥናቱን አውቀዋለሁ፤ መልሱንም አብረህ ማምጣት ነበረብህ። ኒውማንና ዋይሊ በ2006 የዚያኑ ከተማ ጉዳይ መርምረው ምን አሉ? ከከተማው የወጣ፣ ዘመድ ቤት ተደርቦ የገባ፣ መጠለያ የገባ ሰው ያ ጥናት በተጠቀመበት የቤቶች ዳሰሳ አይያዝም። እኔን ቢፈልጉኝ የሚያገኙኝ እህቴ ሳሎን ነበር። ደግሞ «አልለቀቀም» ማለት «ተመቸው» ማለት ነው? ሌላ የሚችለው ቤት ስላጣ ኪራዩ የደመወዙን ግማሽ እየበላበት የሚቀመጥ አለ። በስታቲስቲክሱ ውስጥ እሱ ደስተኛ ነዋሪ ነው።

ባለ ደብተሩ፦
ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን አንዲት ገዢ ምን ታድርግ? እሷ ባትገዛው ሌላው ይገዛዋል።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፦
ጋሼ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ገዢው ሁሉ ስለሚለው ነው ሁሉም የሚገዛው። ቢሆንም አትግዢ አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት። ቁልፍ ፈላጊ፣ ቤቱ ውስጥ አሁን ማን ነው ያለው?

ቁልፍ ፈላጊ፦
ተከራዮች አሉ። አንድ ቤተሰብ። ደላላው «ባዶ አድርጌ ነው የማስረክባችሁ» ብሏል። እስከ አሁን ይህ ቃል ከበድ ብሎ አልተሰማኝም ነበር።

መንገደኛው፦
እንግዲህ ክርክሩ አሁን ተጀመረ።

ባለ ደብተሩ፦
ስለ ግብረ ገቡ እናንተ ተነጋገሩ፣ እኔ ስለ ሕጉ ልበል። «ባዶ አድርጌ» የሚለው ቃል በሻጩ አፍ ላይ ቀላል ነው። በጀርመን ለምሳሌ ቤት ቢሸጥ ኪራይ አይፈርስም፤ ገዢው በሻጩ እግር ተተክቶ አከራይ ይሆናል፣ ከነውሉ። በሌሎችም አገሮች ተመሳሳይ ሕግ አለ፣ የሌለባቸውም አሉ። ስለዚህ የቤቱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን የኪራዩን ውልም አሳዩን በሉ። ውሉ መቼ ያልቃል? ማስያዣው ማን እጅ ነው? ቤተሰቡ አልወጣም ቢል ክሱን የሚይዘው ማን ነው? ይህ ካልተጻፈ ቀብድ አትክፈሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፦
እኔ ደግሞ ከወረቀቱ በፊት በሩን አንኳኪ እላለሁ። ጄኮብስ ያኔ የምትከራከርበት አንድ ነገር ነበር፤ መንገድን የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን መስኮት ላይ የተቀመጠው፣ ሱቅ በር ላይ የቆመው ሰው ዓይን ነው። የምትገዢው ሰላማዊ መንገድ ሰላማዊ የሆነው በእነዚያ ሰዎች ነው። እነሱን አውጥተሽ መንገዱን ማስቀረት አይቻልም።

ነገ ነው፦
ይህ ላይ እስማማለሁ፣ ባልወደውም።

ቁልፍ ፈላጊ፦
ተመለስኩ። ቅዳሜ ማታ በዝናብ ሄድን። ባለቤቴ እያጉረመረመ መጣ። ተከራይዋ ሴት በሩን ከፍተው አስገቡን፤ አሥራ አራት ዓመት ኖረዋል። ደላላው በሦስት ወር ያልነገረንን በሃያ ደቂቃ ነገሩን። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ፍሳሹ ወደ ምድር ቤቱ ይመለሳል። ከጎን ያለው ባዶ ቦታ ባለፈው ዓመት ተሸጧል፣ ሰዎች መጥተው ለክተውታል። ስለ ሽያጩ ግን ማንም አልነገራቸውም፤ ገዢዎቹ እኛ መሆናችንን ሲያውቁ ዝም አሉ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ሒሳቡንም ሠራነው። የሰከነው ሰፈር 22 ወጣ፣ የእኛው 31። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ደግሞ አሰላው። አሁንም ልቡ እዚያው ነው፤ «ዋጋ እናስቀንስ» ይላል፤ ሴትዮዋ በውላቸው ቢቆዩም ግድ የለኝም ብሏል፣ ይህን ግን ከልቡ ይሁን እኔን ለማባበል ገና አልለየሁትም። ሰኞ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ የባዶውን ቦታ ፈቃድ አያለሁ። የቤቱ ብቸኛ ፀሐይ የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

ነገ ነው፦
ስንት ፎቅ እንደተፈቀደ ጻፊልን።

ባለ ደብተሩ፦
ከፎቁ በፊት የምድር ቤቱን ፍሳሽ።

የሦስተኛ ፎቅ ተከራይ፦
የሴትዮዋ ውል መቼ እንደሚያልቅም።