ዮጋን ከምክር ሕክምና ጋር አብሮ የሞከረ አለ? እኔ አውርቼ ጨርሻለሁ፣ ሰውነቴ ግን ገና ነው

የአጣዬዋ መምህርት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የአጣዬ ልጅ ነኝ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከተማችን ስትቃጠል ሁለት ልጆቼን ይዤ በእግር ወጣሁ፤ ከዚያ በአይሱዙ ተጭነን ደብረ ብርሃን ገባን፣ እዚሁ ቀረን። ቤት ተከራይቻለሁ፣ ሥራም ተዛውሬ እያስተማርኩ ነው። ቀን ለሚያየኝ ሰው ደህና ነኝ።

ሌሊቱ ነው ያልሆነልኝ። ደብረ ብርሃንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ከጥቅምት ማብቂያ ጀምሮ ውርጭ ሲወርድ የቤት ቆርቆሮ በብርዱ ይኮማተርና «ጧ!» ይላል። አንድ ጊዜ ነው፣ ከዚያ ጸጥ። ሌላው ሰው አይሰማውም፣ ተኝቷል። እኔ ግን ገና ሳልነቃ እግሬ መሬት ረግጧል። ልጆቼን ከአልጋ ጎትቼ አውርጄ፣ ከግድግዳው ሥር አስቀምጬ፣ በላያቸው ላይ ጎንበስ ካልኩ በኋላ ነው «ቆርቆሮ ነው እኮ» የሚለው የሚመጣልኝ። ትንሿ ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ስምንት ሆናለች። አሁን አሁን ቆርቆሮው ሲጮህ እኔን ሳትጠብቅ ራሷ ወርዳ ከግድግዳው ሥር ትቀመጣለች። ይህንን ስጽፍላችሁ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ሕክምና ከጀመርኩ ሰባት ወር ሆነኝ። በየአስራ አምስት ቀኑ ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር እቀመጣለሁ፣ ፍሉኦክሰቲን የሚባለውን የድብርትና የጭንቀት ኪኒንም እወስዳለሁ። ጠቅሞኛል። መጀመሪያ የዚያን ቀን ነገር ጀምሬ መጨረስ አልችልም ነበር፣ ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ እናገረዋለሁ። ግን እየተናገርኩ መንጋጋዬ ይቆለፋል፣ ትከሻዬ ጆሮዬ ሥር ይደርሳል። ወጥቼ ባጃጅ እስክይዝ እግሬ ድንጋይ ነው። አንድ ቀን «ሁሉንም ነግሬሽ ጨረስኩ፣ ለምንድነው የማይለቀኝ?» ብላት «ሰውነትሽ ማለቁን ገና አልሰማም» አለችኝ። ይህቺ ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች።

አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ዮጋ ትሠራለች። ቪዲዮ ላከችልኝና ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ባና አንጥፌ ሞከርኩ። መንጠራራቱ፣ ወደ ጎን መታጠፉ ደስ ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ሰውየው «በጀርባችሁ ተኙ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ሁሉንም ልቀቁት» ሲል ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች። በሩን በርግጄ ውጭ ቆምኩ፣ ጫማም አላደረግኩ። ከዚያ ወዲህ ባናውን አላነጠፍኩትም።

እስቲ ንገሩኝ፤ ዮጋን ከምክሩና ከኪኒኑ ጋር አጣምሮ የሠራ አለ? እንዲህ የሆንኩት ነገሩ ለእኔ ስለማይሆን ነው ወይስ አጀማመሬ ነው የተበላሸው? ለባለሙያዋስ ልንገራት? ደግሞ እናቴ «የባዕድ አምልኮ ነው፣ ጸበልሽን ተጠመቂ» ትላለች። ጸበሉን መቼ ተውኩ፤ ጻድቃኔ ማርያም ሄጄ ሱባኤ ይዤ ተመልሻለሁ። እናቴን ማስቀየም አልፈልግም።

---

ነርስ ዘሸዋ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፣ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ነው የምሠራው። ያንቺን ዓይነት ታሪክ ብዙ እሰማለሁና የማውቀውን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ፣ አልተበላሸሽም፤ ዮጋም ለአንቺ አይሆንም ማለት አይደለም። ከቤቱ ሸሽቶ የወጣን ሰው በጀርባህ ተኛ፣ ዓይንህን ጨፍን ማለት ሆዱንና አንገቱን ከፍቶ፣ በሩን ሳያይ ይቀመጥ ማለት ነው። ሰውነትሽ «እንዲህማ አልሆንም» አለሽ። ሊጠብቅሽ ብሎ ነው።

አደጋ ሲመጣ ልብ ይሮጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ጡንቻ ይወጠራል። ይህን የሚያዘው የአእምሮ ክፍል ቃል እስኪመጣ አይጠብቅም። ለዚህ ነው አንቺ «ቆርቆሮ ነው» ከማለትሽ በፊት ልጆችሽ መሬት ላይ ያሉት። ምክር የሚገባው በቃል በር ነው፤ ለትርጉሙ፣ ለጸጸቱ፣ ለሐዘኑ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። ያ የሚደነግጠው ክፍል ጋ ግን ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ልብሽን «ቀስ በይ» ብለሽ ማዘዝ አትችዪም፣ ትንፋሽሽን ግን ትችያለሽ። አየር ስናስገባ የልብ ምት ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ቫገስ በሚባለው ነርቭ በኩል ይረግባል። ስለዚህ የሚወጣውን ከሚገባው ማስረዘም ነው ሥራው። በ4 ቁጥር አስገቢ፣ በ6 አስወጪ፤ አንዱ ቁጥር አንድ ሰከንድ ከሆነ በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። 6 ከከበደሽ 3 እና 4 ይበቃሻል። ደጋ ላይ ነን፣ አንቺ ደግሞ የቆላ ልጅ ነሽ፤ አትታገዪው።

ጥናትም አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ቤሰል ቫን ደር ኮልክ የሚባሉት የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው አሜሪካ ውስጥ የሠሩት ነው። ከአስደንጋጭ ነገር በኋላ ለዓመታት ሕመሙ ያልለቀቃቸው፣ ሕክምናም በደንብ ያልያዘላቸው 64 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ለ10 ሳምንት በሳምንት አንድ ሰዓት ዮጋ ሠራ፣ ሌላው ለዚያው ያህል ጊዜ የሴቶች ጤና ትምህርት ወሰደ። መጨረሻ ላይ ከዮጋዎቹ ከ31ዱ 16ቱ፣ ከሌሎቹ ከ29ኙ 6ቱ የሕመሙን መለኪያ የማያሟሉ ሆኑ። አንድ ትንሽ ጥናት ነው፣ ሁሉን ነገር አይደመድምም። ዮጋውን ግን የሰጡት በሌላው ሕክምና ላይ ጨምረው ነው፣ በምትኩ አይደለም። ዮጋውም እንደ ቪዲዮሽ አልነበረም። አስተማሪዋ ማንንም አትነካም፣ «አድርጊ» አትልም፣ «ከፈለግሽ እጅሽን ማንሳት ትችያለሽ፣ ካልፈለግሽ ይቅር» ነው የምትለው። የተወሰደባት ምርጫዋ ለሆነ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ለባለሙያሽ? ዛሬውኑ ንገሪያት። አንዳንዴ አንድ ቦታ ሲዘረጋ ያልጠበቅሽው ትዝታ ይመጣል፣ ብቻሽን ባና ላይ ሆነሽ እንዲያገኝሽ አልፈልግም። ደግሞ ነገሩን ወደ ክፍላችሁ ልታስገባው ትችላለች፤ ስትጀምሩ አስር ደቂቃ፣ በመሃል ደግሞ መንጋጋሽ ሲቆለፍ።

እስከዚያው ባናው ላይ አትተኚ። ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ጀርባሽ ወደ ግድግዳ፣ ፊትሽ ወደ በር፣ ዓይንሽ ክፍት። ተረከዝሽን መሬት ላይ ጫን፣ ለቀቅ። ቆመሽ ግድግዳ በሁለት እጅሽ ግፊ፣ ለቀቅ አድርጊው። ያን ቀን መግፋትም መምታትም ያልቻለ ክንድ ነው፤ ግፊበት። አምስት ደቂቃ፣ በቃ። ትንፋሽ አፍኖ መያዝና በፍጥነት እፍ እፍ ማለት የሚባሉት ለድንጋጤ ሕመም አይስማሙም፣ ተያቸው። የደም ግፊት ወይም የዓይን ግፊት ያለበት ሰው ጭንቅላቱን ወደ ታች የሚያደርገውን አይሥራ። ኪኒኑን ያለ ሐኪምሽ አንድ ቀንም አትቁረጪ።

---

የሮቢቱ

ነርሱ መጨረሻ ላይ ያላትን መስመር ደግማችሁ አንብቧት።

ታናሽ ወንድሜ ድምፅ ይሰማው ነበር፤ መድኃኒት ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሠርቶ በልቷል። አዲስ አበባ ሥራ ሄዶ ትንፋሽና ተመስጦ የሚያሠለጥን ሰው አገኘ። ሰውየው «ትንፋሹ ካለህ ኬሚካሉ ምን ያደርግልሃል» አለው። ልጁ ኪኒኑን ጣለ። ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀመጥ ጀመር፣ እንቅልፍም ተወ። በስድስተኛው ሳምንት ደውለው «ኑና ውሰዱት» አሉን። ያገኘሁት መናኸሪያ ውስጥ ነው፣ አላወቀኝም። አንድ ዓመት ወሰደብን እስኪመለስ።

ዮጋ ክፉ ነው አልልም፣ ለእህታችን እንዲረዳት እመኛለሁ። ግን ድምፅ ለሚሰማው፣ ወይም እንቅልፍ አጥቶ እንደ ንጉሥ ለሚያደርገው ሰው ረጅም ተመስጦ ሐኪም ሳያውቀው እንዳይሰጥ። የሚያስተምራችሁንም ሰው «ስለ መድኃኒቴ ምን ትላለህ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁት። «ተወው» ካለ ውጡ።

---

ዲያቆን ከአንኮበር

ስለ እናትሽ ልመልስ፣ ሌላውን ባለሙያው ብሎታል።

እናትሽ ከመሬት ተነስተው አልተናገሩም። ዮጋ ከሕንድ ሃይማኖታዊ ሕይወት ውስጥ የወጣ ነው፣ ይህን መሸፈን አይገባም። ዜማው፣ «ኦም» የሚሉት፣ ለአማልክት የሚቀርበው ሰላምታ የእነሱ ጸሎት ነው፣ የእኛ አይደለም፤ ያንን አትንኪ። ተረከዝ መሬት ላይ መጫንና ረጅም መተንፈስ ግን የማንም አምልኮ አይደለም። እስትንፋስን እፍ ያለብን ማን ሆነና። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ሳትደብቂ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «በዮጋ ፈንታ ስግደት ስገጂ፣ እሱም ስፖርት ነው» ሲል እሰማለሁ፤ ይህም አይስማማኝም። ስግደት ጸሎት ነው። በሰሙነ ሕማማት ስንወድቅ ስንነሣ ጉልበታችን ይደክማል፣ ልባችንም ይቀላል፣ እውነት ነው። ግን ለጀርባ ሕመም ብለን አንሰግድም። ሁለቱ በየቦታቸው ይቀመጡ። እናትሽን ደግሞ አንድ ቀን ይዘሻቸው ባለሙያዋ ጋ ግቢ። በዓይናቸው ሲያዩት ሌላ ነው።

---

የአጣዬዋ መምህርት (ጠያቂ)

ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። የነገራችሁኝን አድርጌ ሳልነግራችሁ ብቀር ነውር ነው።

በማግስቱ ለባለሙያዋ ነገርኳት። ደስ አላት፣ ለምን ቀድሜ እንዳልነገርኳት ነው የተቆጣችኝ። እሷ የዮጋ አስተማሪ አይደለችም፤ ስለዚህ ቀላል ቀላሉን ብቻ እንይዝ ተባባልን። መጀመሪያ አስር ደቂቃ ተቀምጠን እንተነፍሳለን፣ እሷም አብራኝ። ከዚያ ወሬያችን። መንጋጋዬ ሲይዘኝ እጄን አነሣለሁ፣ ታቆመኛለች።

በሦስተኛው ጊዜ ስለ በሩ እየነገርኳት ነበር። የቤታችን በር ከውስጥ በብረት ይያዛል፣ ያን ቀን ብረቱ አልወጣ ብሎኝ ነበር። እዚያ ስደርስ እጄ ወንበሩን ጨምድዶ ያዘ፣ ድምፄ ጠፋ። «ተነሺ፣ ግድግዳውን ግፊው» አለችኝ። ገፋሁ። ክንዴ እስኪንቀጠቀጥ፣ ከሆዴ ድምፅ እስኪወጣ ገፋሁት። ለቀቅ ሳደርገው መዳፌ ቀልቷል፣ የግድግዳው ኖራ ጣቶቼ ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። አለቀስኩ፣ ግን እንደ ድሮው ለቅሶ አልነበረም፤ ሳለቅስ አየር ይገባኝ ነበር። ከዚያ ተቀምጬ ታሪኩን ቀጠልኩ፤ ብረቱ ወጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ወጣን። አራት ዓመት ሙሉ ስናገረው ሁልጊዜ በሩ ላይ ነበር የማቆመው፣ መውጣታችንን በአፌ ብቻ ነበር የምለው።

እግሬ ያን ቀን አልከበደኝም፣ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

ዲያቆን፣ እናቴን ይዣት ሄድኩ። የመንዝ ሴት ናት፣ ባናውም እሷ ያመጣችልኝ ነው። ምንም ሳትናገር አየችንና ስንወጣ «ይኼማ ምጥ ላይ አዋላጇ የምትለን ነው» አለች። ለንስሐ አባቴም ነግሬያቸዋለሁ፤ እርስዎ እንዳሉት ነው ያሉኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት እኔ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ እሷ አጠገቤ ሱፏን ትፈትላለች። እንዝርቷ ሲሽከረከር የሚያሰማው ድምፅ ከቁጥሩ ይሻለኛል።

በጀርባዬ መተኛቱን አልደፈርኩትም። አንድ ጊዜ በጎኔ፣ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ሁለት ደቂቃ ቆይቻለሁ። ኪኒኑን እየወሰድኩ ነው፣ የሮቢቱ ወንድሜ፣ አይዞህ፤ ለወንድምህም ምሕረት ያድርግለት።

የፊታችን ጥምቀት ነው፣ ውርጩም ብሶበታል። ሰኞ ሌሊት ወደ 9 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ጮኸ። ነቃሁ፣ ልቤ ዘለለች። ልጆቹን ግን አልጎተትኳቸውም። እግሬን ሲሚንቶው ላይ አድርጌ፣ ብርዱ በተረከዜ ሲገባ እየተሰማኝ፣ በልቤ 4፣ 6 እያልኩ ተቀመጥኩ። ትንሿ እንደልማዷ ወርዳ ከግድግዳው ሥር ነበረች። በጨለማው አየችኝ። ትንሽ ቆየችና መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እግሯ መሬት ስለማይደርስ የእኔ እግር ላይ አሳረፈችው።

ነርስ ዘሸዋ፣ እርስዎን የምጠይቀው ስለ እሷ ነው። ለስምንት ዓመት ልጅ እንዴት ነው የሚጀመረው? ቁጥሩ ያው ነው ወይስ ለልጅ ይቀንሳል? እሷንም የሚያይልኝ ሰው ልፈልግ፣ ወይስ በእኔ በኩል መጀመር ይቻላል?