ጥቆማ፦ ስለ ሰጠሙ መርከቦች ለሚጓጓ ልጅ የቱ ፊልም፣ የቱ ሞዴል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ ቀን ከሌት ወሬው ታይታኒክ ብቻ ሆኗል። ከ1958ቱና ከ1997ቱ ፊልም የቱ ይሻለዋል? የሚገጣጠም ሞዴልስ በየትኛው መጠን ይገዛ?

መልስ፦ ከ1958ቱ ይጀመር። «ኤ ናይት ቱ ሪሜምበር» ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በፍቅር ታሪክ ስለማይዘናጋ፣ ልጁ የሚፈልገውን የበረዶውን ግጭት፣ የሬዲዮ ክፍሉንና የጀልባዎቹን አወራረድ በቅደም ተከተል ያገኛል። አንድ ነገር አስቀድሞ ይነገረው፤ እዚያ ላይ መርከቧ ሳትሰበር ነው የምትሰጥመው። ለሁለት ተከፍላ 3,800 ሜትር ጥልቀት ላይ የተገኘችው በ1985 ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። የ1997ቱ ስብራቱን ያሳያል፤ ግን ከሦስት ሰዓት በላይ ነው፣ በመጨረሻ ውሃው ላይ የሚታዩት አስከሬኖችም ለዚህ ዕድሜ ይከብዳሉ። ከግጭቱ ጀምሮ ጀልባዎቹ እስኪወርዱ አብራችሁት እዩና እዚያ ላይ አቁሙት።

መልስ፦ ሞዴሉን በተመለከተ፣ መርከቧ 269 ሜትር ነበረች። ስለዚህ 1:350 (ከእውነተኛዋ 350 ጊዜ ያነሰው) ሲገጣጠም 77 ሳንቲ ሜትር፣ 1:700 ደግሞ 38 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ትንሹ ለልጅ የሚቀል ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በ1:700 አንዱ የነፍስ አድን ጀልባ 13 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከጣት ያመልጣል። ቦታ ካለ 1:350 ይሻላል። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያያይዘው፤ ከበዛ የጣት አሻራ ይቀርበታል። ቀለም የተቀባ ጠርዝ ላይም አይዝም፤ መጋጠሚያውን ፍቆ ማጣበቅ ነው። መስኮት ይከፈት። ጥቀርሻ ለመቀባት ካሰባችሁ ከፊት ባሉት ሦስት ጭስ ማውጫዎች ላይ ብቻ ይሁን፤ አራተኛው ከማሞቂያዎቹ ጋር አልተያያዘም፣ በዋናነት ለአየር መተላለፊያ ነበር።

መልስ፦ «ለምን ሰጠመች?» ማለቱ አይቀርም። በረዶ መሥሪያ ትሪ ሳፋ ውስጥ አንሳፉና በአንድ ጫፍ ያሉትን ጉድጓዶች በማንኪያ ውሃ ሙሉ። ጫፉ ሲያዘቀዝቅ ውሃው ግድግዳውን ተሻግሮ ወደ ቀጣዩ ይገባል። ታይታኒክ 16 ክፍሎች ነበሯት፤ የፊቶቹ አራቱ ቢሞሉ ትንሳፈፍ ነበር፣ ከዚያ በላይ ስለተከፈቱ ግን በቂ ከፍታ ያልነበራቸው ግድግዳዎች አልጠቀሟትም። ትሪው ሞልቶም አልሰጥም ካለ ፕላስቲኩ ከውሃ ስለሚቀል ነው፤ ከሥሩ ሳንቲሞች ለጥፉበት።

ቫሳ የተባለችውን የስዊድን የጦር መርከብም አትርሱበት፤ እንዲያውም ለዚህ ዕድሜ ከታይታኒክ አስቀድመዋለሁ። በ1628 ስቶክሆልም ላይ 1,300 ሜትር ያህል ተጉዛ ነፋስ አጋደላት፣ ውሃውም በተከፈቱት የመድፍ መስኮቶች ገባ። በ1961 ከነእንጨቷ ወጣች። የባልቲክ ውሃ ጨው ስለሚያንሰው እንጨት የሚበላው የባሕር ትል አይኖርበትም፤ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ ሙሉዋን ቆማ ትታያለች።